በውርጭ ጠዋት ግሪስ ለምን እንቢ ይላል? ቅባት በብርድ መፍሰሱ የሚፈተንበት መንገድ

በሞቃታማዋ ባቲ ገበያ ላይ በጣት ሲነኩት የሚላላ ቅቤ ደጋው ጉጉፍቱ ሲደርስ ማንኪያ ያጎብጣል። ይህን የወሎ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቅቤ ሲገዛም የት አገርና በየትኛው ሰዓት እንደነካው ያስባል። በየጋራዡ፣ በየወፍጮ ቤቱና በየግንባታ ሥፍራው የምንጠቀምበትን ግሪስ፣ አንዳንዶቻችን ግራሶ የምንለውን ቅባት፣ በተመለከተ ግን ይህን ጥንቃቄ የምናደርግ ጥቂቶች ነን። ባልዲው ላይ «ቁጥር 2» የሚል ካነበብን ለኮምቦልቻም ለጉጉፍቱም፣ ለቀትርም ለንጋትም አንድ እንደሆነ አድርገን እንወስደዋለን። ይህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ፣ እንዲሁም ግሪስ በቅዝቃዜ ውስጥ መፍሰስ መቻሉ በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚፈተን ያብራራል።

በቅድሚያ ግሪስ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ግሪስን በጣም የወፈረ ዘይት አድርጎ ያስባል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይለያል። ከክብደቱ አብዛኛው፣ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚደርሰው፣ እንደማንኛውም ዘይት የሚፈስ መነሻ ዘይት ነው። ቀሪው ዘይቱን አቅፎ የሚይዝ ማወፈሪያና ጥቂት ተጨማሪ ኬሚካል ነው። ማወፈሪያው በአብዛኛው ሳሙና ሲሆን፣ የልብስ ሳሙና ከሶዲየም እንደሚሠራ ሁሉ የግሪሱ ሳሙና ከሊቲየም፣ ከካልሲየም ወይም ከሌላ ብረት ይሠራል። ይህ ሳሙና እጅግ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሲታይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቀጭን ክር ይመስላል፤ ዘይቱም በክሩ መካከል፣ ዘይት በጠጣ የጥጥ ፈትል ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ተይዞ ይቀመጣል። ፈትሉን ሲጫኑት ዘይቱን ይሰጣል፣ ሲለቁት መልሶ ይይዛል። በኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንግ እንዲዞር ደግፎ በሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ውስጥ የሚዞሩት ኳሶች በግሪስ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዛሬ በብዛት የምናየው የሊቲየም ግሪስ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን፣ በጦርነቱ ወቅት ተፈላጊ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከምድር ሙቀት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ብርድ ለሚወጣ አውሮፕላን ተስማሚ መሆኑ ነበር።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። «ቁጥር 2» የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የተቋቋመው ብሔራዊ የግሪስ ተቋም ካወጣው ምደባ የመጣ ነው። ምደባው እንደ ፈሳሽ ከሚንጠባጠበው 000 ጀምሮ እንደ ሳሙና ቁራጭ እስከሚደርቀው 6 ድረስ ይዘልቃል። አለካኩ ቀላል ነው፤ ግሪሱ በተለየ ዕቃ ውስጥ 60 ጊዜ ከተማሰለ በኋላ ፊቱ ይስተካከላል፣ ከዚያም ከነዘንጉ 150 ግራም የሚመዝን ሾጣጣ ብረት ከላይ ተለቆ ለ5 ሰከንድ እንዲሰምጥ ይደረጋል። የሰመጠበት ጥልቀት በአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ተቆጥሮ ከ265 እስከ 295 ከሆነ ግሪሱ ቁጥር 2 ይባላል። ከ310 እስከ 340 ከሰመጠ ቁጥር 1፣ ከ220 እስከ 250 ብቻ ከሰመጠ ደግሞ ቁጥር 3 ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚለካው ግሪሱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በቀትር የሚገኘው ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት በጉጉፍቱ፣ በደላንታ ወይም በጋሸና የሚገኘው ግን ፍጹም ሌላ ነው፤ አባቶቻችን ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለውን አገር ለይተው «ውርጭ» ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ልዩነት በንባብ ከማወቄ በፊት በሥራ ላይ ተምሬዋለሁ። ከደሴ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በሆነ ቦታ፣ አንድ የጠጠር መፍጫ በምንጠግንበት ጊዜ ማሽኑ ግሪስ የሚጠጣው በእጅ ሳይሆን ከአንድ ፓምፕ በሚነሡ ቀጭን ቱቦዎች ነበር። እያንዳንዱ ኩሽኔታ አጠገብ አንድ መጣኝ አለ። ፓምፑ ግፊት ሲፈጥር መጣኙ የተወሰነ ግሪስ ወደ ኩሽኔታው ይተፋል፤ ከዚያ ፓምፑ ግፊቱን ይለቃል፣ በመጣኙ ውስጥ ያለው ሞላ ይመለሳል፣ መጣኙም ለሚቀጥለው ዙር እንደገና ይሞላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በበርሜል የቀዳነው ውሃ ፊቱ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ግሪሱን የሚከታተለው ልጅ ወደ መለኪያው እያመለከተ «ኢንጅነር፣ ችግር የለም፤ ግፊቱ ሙሉ ነው» አለኝ፤ እኔም አይቼ ተስማማሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከፓምፑ 9 ሜትር ያህል የሚርቀው ኩሽኔታ ግሎ ተነከሰ፣ መዞሩንም አቆመ። ስንከፍተው ኳሶቹ የተቃጠለ ቡና መስለው ጠቁረዋል፣ በመያዣው ላይ የነበረው ግሪስም ደርቆ እንደ ሰም ይፈረፈር ነበር። ቱቦው ግን እስከ ጫፉ ድረስ በትኩስ ግሪስ ሞልቶ ነበር። ግሪሱ የተናቀ ዕቃ አልነበረም፤ ለከባድ ጭነት የሚመከር፣ ቁጥር 2 የሆነ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነበር። ለምን እንዳልደረሰ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ መልሱን ከታች፣ ተገቢው ፈተና ሲነሣ እመለስበታለሁ።

ብርድ በግሪስ ላይ የሚያደርሰው ዋናው ለውጥ በሳሙናው ላይ ሳይሆን በመነሻ ዘይቱ ላይ ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ዝልግልግነቱ፣ ማለትም ላለመፍሰስ የሚያሳየው እንቢታ፣ የሚጨምረው በእኩል መጠን አይደለም፤ ሙቀቱ በወረደ ቁጥር ጭማሪው ራሱ እየፈጠነ ይሄዳል። ዝልግልግነት የሚለካው በሴንቲስቶክስ ሲሆን፣ የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ 1 ሴንቲስቶክስ አካባቢ ነው። የዚያ መፍጫ ግሪስ መነሻ ዘይት በ40 ዲግሪ 460 ሴንቲስቶክስ የሆነ ማዕድናዊ ዘይት ነበር፤ እንዲህ ያለ ዘይት 0 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከ10,000 ሴንቲስቶክስ በላይ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ኩሽኔታው ሞቆ ሲሠራና ማሽኑ በውርጭ ሲያድር ባለው ልዩነት ውስጥ ዘይቱ ከ20 እጥፍ በላይ ይወፍራል ማለት ነው። በዚህ ላይ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኙ አብዛኞቹ ዘይቶች ሰም አዝለዋል፤ ብርዱ ሲጠና ሰሙ እየረጋ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሠራል፣ እነዚያም እርስ በርስ ተያይዘው ዘይቱን ያስሩታል። በቤተ ሙከራ የተቀነባበሩት ሰው ሠራሽ ዘይቶች ግን ይህ ሰም የላቸውም፣ በብርድም የሚወፍሩት በዝግታ ነው። ስለዚህ 25 ዲግሪ ላይ ሾጣጣው እኩል የሰመጠባቸው ሁለት ግሪሶች፣ ሁለቱም በሐቅ ቁጥር 2 ሆነው፣ ከዜሮ በታች ሲወርዱ አንዱ ሲፈስ ሌላው ሊቆም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ተገቢ ነው። አንዳንድ ሻጮች የመነሻ ዘይቱን የመፍሰሻ ነጥብ፣ ማለትም ዘይቱ ብቻውን በጠርሙስ ተዘንብሎ ሲታይ የሚንቀሳቀስበትን የመጨረሻ ዝቅተኛ ሙቀት፣ የግሪሱ የብርድ ገደብ አድርገው ያቀርባሉ። ዘይቱ ለብቻው መንቀሳቀሱ በሳሙና ክር ተይዞ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይሄዳል ማለት አይደለምና ይህ ቁጥር ገዥውን ሊያሳስት ይችላል። መፈተን ያለበት ግሪሱ ራሱ ነው።

በአውሮፓ በስፋት የሚሠራበት የግሪስ የብርድ ፈተና በጀርመን ደረጃ ዲን 51805 የተደነገገውና በኬስተርኒክ ስም የሚጠራው ነው። ግሪሱ ጫፉ በጠበበ ትንሽ የብረት አፍ ውስጥ አንድም የአየር አረፋ ሳይቀር ይጠቀጠቃል። አረፋ ከቀረ ግፊቱ አረፋውን ይጨምቅና ውጤቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ትልቁ ሥራ ይህ መጠቅጠቅ ነው። ከዚያ የብረቱ አፍ በመሣሪያው ላይ ተገጥሞ በሚፈለገው ሙቀት ልክ፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 20 ወይም 30 ዲግሪ ላይ፣ እስኪረጋ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ከበስተኋላው የጋዝ ግፊት ይሰጠዋል፤ ግፊቱ በየ30 ሰከንዱ በተወሰነ ደረጃ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ከቀዳዳው ጫፍ ላይ ግሪሱ ትንሽ ያብጣል፣ እንደ ትል ብቅ ይላል፣ በመጨረሻም ተገፍቶ ይወጣና ጋዙ በቀዳዳው በኩል በድንገት ያመልጣል። ያ የሆነበት ግፊት የግሪሱ የፍሰት ግፊት ተብሎ ይመዘገባል።

ፈተናው በተለያየ ሙቀት ሲደጋገም የፍሰት ግፊቱ እየወረደ ከሚሄደው ሙቀት ጋር እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ መስመር ይገኛል። በተለምዶ ተቀባይነት ያለው ወሰን 1,400 ሚሊባር (1.4 ባር) ነው፤ ግሪሱ ለመፍሰስ ከዚህ የበለጠ ግፊት የጠየቀበት ሙቀት ከአገልግሎት ክልሉ ውጭ እንደሆነ ይቆጠራል። ይህ ግፊት የትንሽ መኪና ጎማ ከሚሞላው ነፋስ እንኳ ያነሰ ስለሆነ በፓምፕ ለሚሠራ ሰው ኢምንት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በፈተናው ውስጥ ግሪሱ የሚያልፈው በጣም አጭር መንገድ ነው። ግሪስ ከቆመበት እስኪነቃነቅ ድረስ የሚጠይቀው ግፊት ከቱቦው ርዝመት ጋር እኩል ያድጋል፣ ከቱቦው ስፋት ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ቱቦው በግማሽ ሲጠብም እንዲሁ እጥፍ ይሆናል፤ ግሪሱ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የጠባብነቱ ጉዳት ከዚህም ይብሳል። በአጭር የብረት አፍ ውስጥ ከ1 ባር በላይ የጠየቀ ግሪስ በ9 ሜትር ቀጭን ቱቦ ውስጥ ምን እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የፈተና ዓይነት ግሪሱን ከመግፋት ይልቅ ማዞርን ይጠይቃል። በአሜሪካ ደረጃ ኤኤስቲኤም ዲ 1478 መሠረት 20 ሚሊሜትር የውስጥ ቀዳዳ ያለው ኩሽኔታ በግሪስ ተሞልቶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚበርድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የውስጥ ቀለበቱ በደቂቃ አንድ ዙር ብቻ እንዲዞር ይደረጋል። ሁለት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፤ አንደኛው ኩሽኔታው ከቆመበት ለመነሣት የጠየቀው ከፍተኛ ጉልበት፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ከዞረ በኋላ የሚጠይቀው ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ይበልጣል። ጠዋት ወፍጮውን በእጅ ለማስነሣት ሲታገል የነበረ ሰው ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ድካም የት እንደገባ ሲገረም የሚያየው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ኳሶቹ የራሳቸውን መንገድ ጠርገው ግሪሱን ወደ ዳር ያወጡታል፣ የቀረውም በመታሸት ይሞቃል። ለተሽከርካሪ የጎማ ኩሽኔታ ደግሞ ኤኤስቲኤም ዲ 4693 የሚባል ሌላ ፈተና አለ። ይህ የሚከናወነው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ለጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ጥራት የሚሰጠውን የግሪስ ተቋሙን ምልክት ለማግኘት ኩሽኔታውን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ከ15.5 ኒውተን ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህም አንድ ሜትር ርዝመት ባለው የብሎን መፍቻ ጫፍ ላይ 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ከማንጠልጠል ጋር ይመሳሰላል።

ለእኔ የጎደለኝን መልስ የሰጠኝ ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ እርሱም ግሪስ በቱቦ መሄዱን የሚፈትነው ነው። ከነዚህ አንዱ በ10 ባር ገደማ ግፊት በቀጭን ቱቦ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ስንት ግራም ግሪስ እንደሚያልፍ ይመዝናል። ሌላው፣ ሊንከን ቬንትሜትር የሚባለው መሣሪያ፣ ጥያቄውን ከሌላ በኩል ያነሣዋል። 7.6 ሜትር ርዝመት ያለው የተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ በግሪስ ይሞላና ወደ 124 ባር ግፊት ይደርሳል። ከዚያ አንደኛው ጫፍ ይከፈታል፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ በሌላኛው ጫፍ ላይ ምን ያህል ግፊት እንደቀረ ይነበባል። ጥሩ ግሪስ ጫፉ ሲከፈትለት ወዲያው ይላላል፣ የቀረው ግፊትም ዝቅተኛ ይሆናል። በብርድ የተሳሰረ ግሪስ ግን ግፊቱን በውስጡ አምቆ ይይዛል። የመፍጫው ምስጢር ይህ ነበር። ልጁና እኔ መለኪያው ላይ ያየነው ግፊት እውነት ነው፤ ማየት የነበረብን ግን ፓምፑ ሲለቅ ግፊቱ መውረዱን ነበር። አልወረደም። ስላልወረደ ሞላው አልተመለሰም፣ መጣኙ አልሞላም፣ የሚቀጥለው ዙር ሲመጣም የሚተፋው ነገር አልነበረውም። ከፓምፑ የቀረቡት ኩሽኔታዎች ግፊቱ ቶሎ ስለሚወርድላቸው ተረፉ፤ የሩቁ ግን በየጠዋቱ ደረቀ። ቱቦውን ስንፈታው ሞልቶ የተገኘውም ለዚህ ነው። ሞልቶ ነበር፤ አይሄድም እንጂ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከዜሮ በታች የ30 እና የ40 ዲግሪ ፈተና ለወሎ ምን ያደርግለታል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ ደጋ ውርጩ ውሃ ያረጋል እንጂ እንደ ሳይቤሪያ አይሆንም። የጭነት መኪና የጎማ ኩሽኔታን በተመለከተ በቅንነት መናገር የሚገባኝ፣ የተለመደው የሊቲየም ቁጥር 2 ግሪስ ጉጉፍቱ ላይ ቢያድርም እንኳ ሥራውን አያቋርጥም፤ ኳሶቹ አጠገባቸው ያለውን ግሪስ የሚያንቀሳቅሱት በአጭር ርቀት ስለሆነ ትንሽ ከብዶ ይነሣና ወዲያው ይሞቃል። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ከመኪናው ቅዝቃዜ የተረፈ ነገር አይተውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው የሙቀት መቋቋም ነው። አደጋው ያለው ግሪስ ረጅም መንገድ በሚሄድባቸው፣ መነሻ ዘይታቸውም ለከባድ ጭነት ተብሎ እጅግ ወፍራም በሆነባቸው ማሽኖች ላይ ነው፤ ማለትም በጠጠር መፍጫዎች፣ በቁፋሮ ማሽኖች፣ በቱቦ በሚቀቡ የፋብሪካ መስመሮችና በማቀዝቀዣ ክፍሎች ውስጥ በሚሠሩ ማጓጓዣዎች ላይ። ለእነዚህ 0 ዲግሪም ቢሆን በቂ ብርድ ነው።

በብርድ የሚፈስ ግሪስ ለመምረጥ ግን ቀጭኑን ሁሉ ማንሣት አይበቃም። ቀስ ብሎ የሚዞርና ከባድ ጫና ያለበት ኩሽኔታ ብረትን ከብረት የሚለየው ወፍራም ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይቱ ከቀጠነ ጠዋት የዳነው ኩሽኔታ በቀትር ይበላል። ከዚህም የባሰው፣ በየሥፍራው የማየው፣ ግሪስ እንዲላላ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀላቀል ነው። ናፍጣው ለአንድ ጠዋት ያለሰልሰዋል፤ በሙቀት ግን ከዘይቱ ቀድሞ ይተናል፣ እስኪተን ድረስም መነሻ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የተቃጠለው ዘይት ደግሞ ከሞተሩ የወሰደውን የብረት ብናኝ ይዞ ይገባል። እኛ መጨረሻ ላይ ያደረግነው ለደጋው ወቅት ሰው ሠራሽ መነሻ ዘይት ያለው ቁጥር 1 ግሪስ መውሰድ፣ የሩቁን ቱቦ በሰፊ መቀየርና ፓምፑ በሁለት ዙር መካከል የሚጠብቀውን ጊዜ ማራዘም ነበር። ሰው ሠራሹ ከተለመደው በዋጋ ይበልጣል፤ አንድ ትልቅ ኩሽኔታ ከነሥራ ማቆሙ ከሚያስወጣው ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነው። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ሁለቱ ማወፈሪያዎች እንደሚስማሙ ማረጋገጥ ይገባል፤ የማይስማሙ ሳሙናዎች ሲቀላቀሉ ክራቸው ይፈታና ግሪሱ ውሃ ይሆናል፣ አልፎ አልፎም ይደርቃል።

ገዥው ከባልዲው ላይ ሊያነበው የሚችል አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። በጀርመን ደረጃ የተመዘገቡ ግሪሶች ለምሳሌ «ኬፒ2ኬ-30» የሚል ጽሑፍ ይይዛሉ። የመጀመሪያው ኬ የኩሽኔታ ግሪስ መሆኑን፣ ፒ ለከባድ ጫና የሚረዳ ኬሚካል እንዳለው፣ 2 የታወቀውን የውፍረት ቁጥር፣ ሁለተኛው ኬ እስከ 120 ዲግሪ ሙቀት እንደሚሠራ ያመለክታሉ። በመጨረሻ ያለው ቁጥር ግሪሱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ የብርድ ፈተናውን ማለፉን ይነግረናል። ብዙ ሰው 2ን አይቶ ይመለሳል፤ በእኔ እምነት ለደጋ ሰው ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የመጨረሻው ቁጥር ነው። ምልክቱ ከሌለ ሻጩን የመነሻ ዘይቱ ዝልግልግነት በ40 ዲግሪ ስንት እንደሆነና የፍሰት ግፊቱ በስንት ዲግሪ እንደተለካ መጠየቅ ይቻላል።

ቤተ ሙከራ ለሌለው ሰው ሁለት ግሪሶችን ለማወዳደር የሚበቃ ዘዴ አለ፤ እኔም ከዚያ ጊዜ ወዲህ አዲስ ባልዲ ሳልፈትን አልከፍትም። ከፋርማሲ ሦስት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይገዛል፤ ሁለቱ በሁለቱ ግሪሶች አረፋ ሳይቀር እስከ አንድ ምልክት ይሞላሉ፣ ሦስተኛው ባዶውን ይተዋል። ሦስቱም ማታ ከቤት ውጭ፣ ውርጭ በሚወርድበት ቦታ፣ ወይም ውርጭ በሌለበት አገር በማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ሳይነካቸው አንድ በአንድ በወንበር ቀዳዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና በመግፊያቸው ላይ የታወቀ ክብደት ይጫናል፤ ግማሽ ኪሎ፣ ከዚያ አንድ ኪሎ፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ እያለ ግሪሱ ብቅ እስኪል ይቀጥላል። ባዶው ስሪንጅ የሚያስፈልገው የመግፊያው ጎማ ራሱ በብርድ ስለሚደርቅ እርሱ የጠየቀውን ክብደት ከሌሎቹ ለመቀነስ ነው። ይህ ሚሊባር አይሰጥም፣ ለደረጃ ምስክርነትም አይሆንም። ያንን የመፍጫ ግሪስ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን በቦሩ ሜዳ ካሳደርኩ በኋላ ስፈትናቸው ግን አዲሱ በአንድ ኪሎ እንደ ክር ወጣ፤ አሮጌው በአምስት ኪሎም ቀዳዳው ጫፍ ላይ ነጥብ ብቻ ሠርቶ ቆመ፣ ፀሐይ ወጥታ ስሪንጁን እስክትነካው ድረስም ንቅንቅ አላለም።